ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የውሸት ረሃብ

ጉዳዩ፦ ከእራት በኋላ ስለሚያደርጉልኝ ጉብኝት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ስለ ታታሪነትዎ ላመስግንዎ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል እንደርስዎ ያለ ከየት ይገኛል? እራቴን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ገና ሳልደላደል ከች ነው።

ወንድምዎን፣ እውነተኛውን ረሃብ አውቀዋለሁ። ጨዋ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ የተገኘውን ይበላል፣ ሲጠግብ ይሄዳል። እርስዎ ግን ዱብ ብለው ነው የሚገቡት። ምርጫም አለዎት፤ ቸኮሌት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። ፖም ሳቀርብልዎ "አልራበኝም"! (ታዲያ ማን ነው የራበው?)

የሚመጡበትን ቀን አጥንቼዋለሁ። አለቃዬ የተቆጣኝ ዕለት አይቀሩም። የደበረኝ ዕለትም አይቀሩም። ቁርስና ምሳ ዘልዬ "ዳይት ላይ ነኝ" እያልኩ ስጎርር የዋልኩ ቀንማ ማታ ሻንጣዎን ይዘው ነው የሚመጡት። እንቅልፍ ሲጓደልብኝ ደግሞ አጃቢ አለዎት፦ ረሃብ ቀስቃሹ ሆርሞን ግሬሊን ከፍ፣ "በቃ" ባዩ ሌፕቲን ዝቅ ማለት ይቀናቸዋል።

ፍጥነቴንም ያውቁበታል። እኔ ሳህኑን በ5 ደቂቃ ጠርጌ እጨርሳለሁ። የጥጋቡ ወሬ አንጎሌ ዘንድ እስኪደርስ ግን ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በመሃል ያለችውን 15 ደቂቃ እንዴት እንደሚሠሩባት!

የፋብሪካ ምግብም ወዳጅዎ ነው መሰለኝ። በ2019 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 20 ሰዎች እንዳሻቸው እንዲበሉ ተደረገ። እጅግ የተቀነባበረ ምግብ በቀረበላቸው 2 ሳምንት፣ ብዙም ባልተቀነባበረው ጊዜ ከበሉት በቀን ወደ 500 ካሎሪ አብልጠው በሉ። እንኳን ደስ ያለዎት።

ሲሄዱ የሚተዉልኝን ስጦታም አልረሳሁም፦ የተነፋ ሆድ፣ የተፈታ ቀበቶ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚቀሰቅስ ቃር። የብስኩቱን መጠቅለያ ቆሻሻው ሥር መደበቅም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከማን እንደምደብቀው ግን አልነገሩኝም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ራስን መቆጣጠር አቅቶት፣ ሳይርበው፣ ሆዱ እስኪያመው በጥድፊያ የሚበላ፣ ተደብቆ በልቶም በራሱ የሚያፍር ሰው አለ። ይህ ቢያንስ በሳምንት 1 ጊዜ ለ3 ወር ከዘለቀ ሐኪሞች ሆዳምነት አይሉትም፤ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። እዚያ ቤት ከገቡ የሚያነጋግርዎት እንደኔ ያለ ሽሙጠኛ ሳይሆን ባለሙያ ነው።

ዛሬ ማታ መምጣትዎ ካልቀረ እባክዎ 20 ደቂቃ ደጅ ይጠብቁኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀበቶዬ
ለፍሪጁ በር