ባትማኔን ማን ወሰደው?

አንድ መጽሐፍ ነበረኝ። «ዘ ፈርዘር አድቬንቸርስ ኦፍ ባትማን» ይባላል። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ነው የገዛሁት፤ ሽፋኑ በስኮች ተለጣጥፏል፣ ገጾቹ ሽሮ መስለዋል፣ ልጁ ግን «እንደዚህ ዓይነት ሌላ ቦታ አያገኙም ጋሼ» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። ያኔ ገና ጋሼ አልነበርኩም። ለመሸጥ ሲሉ ያስረጁሃል።

ኮሚክ እንዳይመስላችሁ። ድርቅ ያለ ጽሑፍ ነው። በፈረንጆቹ 1939 የተወለደው የኮሚክ ጀግና ባትማን 50 ዓመት ሲሞላው፣ በ1989፣ ማርቲን ግሪንበርግ የሚባል አርታኢ ከተለያዩ ደራሲያን አጫጭር ታሪኮች ሰብስቦ አሳተመው። አንዳንዱ ደህና ነው። አንዳንዱ የቤት ኪራይ ደርሶበት የተጻፈ ይመስላል።

የኔ ምርጥ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲው የአይዛክ አሲሞቭ ነው። እዚያ ውስጥ ባትማን፣ ማለቴ ብሩስ ዌይን (የባትማን የቤት ስሙ ነው)፣ ጭንብል የለ ካባ የለ፣ በየወሩ እየተሰበሰቡ እራት በሚበሉ ወንዶች መሀል በእንግድነት ተቀምጧል። (የጽዋ ማኅበር በሉት፣ ጸበል ጻዲቁ ቀርቶ።) የማኅበሩ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመኖሩን ምክንያት ነው። እኛ ብንሆን «ሥራ የት ነህ?» ብለን እንገላገል ነበር። ከዚያ ሰውየው ጭንቀቱን ይናገራል፣ የተማረው ሁሉ ይከራከራል፣ እንቆቅልሹን የሚፈታው ግን ምግብ ሲያቀርብ የቆየው አስተናጋጁ ሄንሪ ነው። ከተማውን ጎተምን ያንቀጠቀጠው ሰውዬ፣ ለአስተናጋጅ!

ይሄንን ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ለጓደኛዬ ሳወራለት «አውሰኝ» አለ። አዋስኩት። ያው ታውቃላችሁ፣ ገንዘብ የተበደረ ሰው መንገድ ይቀይርብሃል፣ መጽሐፍ የተዋሰ ግን ዓይን ዓይንህን እያየ ማኪያቶ ይጋብዝሃል። በመጀመሪያው ዓመት ስጠይቀው «እያነበብኩት ነው» አለኝ። በሁለተኛው «እህቴ ወስዳው ነው።» በሦስተኛው «የቱን መጽሐፍ?» እዚህ ላይ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ፤ የምር ሰጥቼው ነበር ወይስ ማታ ማታ ሳብሰለስለው ነው?

ባለፈው እዚያው ካፌ ተገናኘንና ደግሜ አነሳሁበት። «ምስክር አለህ?» አለኝ፣ ጭራሽ። አጠገባችን ጠረጴዛ ሲወለውል የነበረው አስተናጋጅ፣ ያው የድሮው፣ ቀና አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ያ በስኮች የተለጣጠፈው መጽሐፍ አይደል? ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ እሳቸው ጃኬታቸው ውስጥ ከተው ነው የሮጡት።» ጨርቁን አጠፍ አደረገና ጨመረ፣ «የሁለት ማኪያቶና የአንድ ቦምቦሊኖ ሂሳብም ሳይከፍሉ ነው የሄዱት።»

ጓደኛዬ ዝም አለ። ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣

«ዝርዝር ይዘሃል?»