ደብተሯን የቀደድነው እኛ ነን

የጎንደር ሰው ሆይ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ እኔም አብሬያችሁ ነበርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ማራኪ ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት በር ላይ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ ያቺ ልጅ መጣች። እዚሁ አራዳ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አሁን አዲስ አበባ ሆና የአፍሪካን ጉዳይ ታጠናለች፣ ሀገር በምን እንደሚሰነጠቅ በምን እንደሚጠገን ስትጽፍ ነው የምትውለው። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ሲፈነዳ መተማ ድረስ ወርዳ ድንበር አቋርጦ የገባውን ስደተኛ ስታነጋግር ነበር። አሁን ደግሞ የገዛ ከተማዋን ልትጠይቅ መጣች፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014ን። ረሳችሁት እንዴ? ክርስቲያኑ ፋሲካን በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሙስሊሙ ረመዳን ላይ እያለ፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በድንጋይ ሰበብ በተነሳ ጠብ ከ20 በላይ ሰው አለቀብን። በድንጋይ!

ልጅቷ በትህትና ነው ያስረዳችን። ዋሽንግተን ያለ ፈንድ ፎር ፒስ የሚባል ድርጅት በየዓመቱ የሀገራትን ተሰባሪነት በ12 መለኪያ ይመዝናል፣ እያንዳንዱ ከ10፣ ድምሩ ከ120፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው ይብሳል፣ አንዱ መለኪያ በቡድኖች መሀል የተቋጠረ ቂም ነው አለች። «እነሱ ከሩቅ ሆነው ነው የሚሞሉት፣ እኔ ከናንተ አፍ መስማት ፈልጌ ነው» ስትል ገና ሳትጨርስ አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ «ማን ልኮሽ ነው?» ብሎ ደብተሯን ነጠቃት። ሰላይ፣ ባንዳ፣ ያልተባለች የለም። ደብተሩ ሲቀደድ ስንቱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር መሰላችሁ፣ አንድ እንኳ «ተው» የሚል ጠፋ።

እኔስ? ቶናውን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከአባቷ ጋር የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞች ነን፣ ክርስትናዋ ላይ በልቻለሁ ጠጥቻለሁ። አንዴ ዞር ብላ «ጋሼ» አለችኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሲኒዬን አየሁ። ይሄ ሽበት ለምኔ ነው በሉኝ እስቲ፣ ለአንዲት ልጅ መከታ ካልሆነ?

ሰው ከተበተነ በኋላ ወረቀቱን ከጭቃ ለቀምኩት፣ ሰባት ገጽ። አንዱ ላይ ሰማያዊው ቀለም ፈሶ ግማሹ ጠፍቷል፣ የቀረው «ልጄ የወጣው ለአፍጥር ዳቦ ሊገዛ ነበር» ይላል። ከዚያ በታች አይነበብም። የዚያች እናት ቃል ነው እኮ ጭቃ ውስጥ የረገጥነው ወገኖቼ! ዓለም አያውቀንም፣ ማንም አልጠየቀንም እያልን ስናለቅስ ከርመን፣ ጠያቂዋ ከጉያችን ወጥታ ስትመጣ እንዲህ አደረግናት።

ተናድጄ ጀመርኩ፣ አሁን ግን ደክሞኛል።

ትናንት ማታ ደወለች። ወቀሳ ጠብቄ ነበር፣ እሷ ግን «ጋሼ፣ ወረቀቶቹን እንዳይጥሏቸው» ነው ያለችኝ። አድርቄ መጽሐፍ መሀል አስቀምጫቸዋለሁ። ከክረምቱ በኋላ ልመለስ ይሆናል ብላለች። ከመጣች ማረፊያዋ እኔ ቤት ነው፣ ቡናውም እዚያው ይፈላል። የቀደድከው ልጅም ና፣ አንተም የምትናገረው አይጠፋህም። ስልካችሁን ብቻ ኪሳችሁ ክተቱልኝ።