የትም የማይሄዱት አሰልጣኝ

ማክሰኞ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «የትም አልሄድም፤ ባለቤቴም ልጆቼም ከተማውን ለምደውታል» ማለት፣ እሑድ ደግሞ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ኮፍያ ደፍቶ ፎቶ መነሳት የዋዛ ሰው ሥራ አይደለም። ሰሞኑንም አንዱ አደረጉት። ስማቸውን ማንሳት አያስፈልግም፤ የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል የምትከታተሉ ሁሉ የየራሳችሁ አላችሁ። አዲሱን ሥራ «የልጅነት ሕልሜ ነበር» ብለውታል። ሦስተኛው የልጅነት ሕልማቸው መሆኑ ነው። እንዲህ በሕልም የተጨናነቀ ልጅነት ያሳለፈ ሰው ቢመሰገን እንጂ አይወቀስም።

ቀን አመራረጣቸውንም አድንቁላቸው። መደበኛው ውድድር የሚያበቃው በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የታንክስጊቪንግ በዓል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚፈርሙበት ቀን ቀድሞ ዲሴምበር ገፋ ሲል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ግን ወደ ወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ተሳበ። በ2024ም በ2025ም ከዚያ ቅዳሜ እስከ ረቡዑ አራት ቀን ብቻ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ አሰልጣኝ የሌለው ዩኒቨርሲቲ የመለመላቸው ልጆች ይበተኑበታል፤ ስለዚህ ገና በመጫወት ላይ ያለ ቡድን አሰልጣኝ መንጠቅ ግድ ይለዋል። 12 ቡድኖች የሚገቡበት የዋንጫ ጥሎ ማለፍ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። እናም እኚህ ባለውለታ ቡድኑን እስከ ዋንጫው ደጃፍ አድርሰው እዚያው ያስረክቡታል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አውሮፕላኑ ነው። ለድርድር የሚፈለጉ አሰልጣኝ በመኪና አይሄዱም፤ የባለጸጋ ደጋፊ የግል ጄት ይላክላቸዋል። የአሜሪካ አውሮፕላን በ«ኤን» ፊደል የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር አለው፤ ደጋፊው ሕዝብ የበረራ መከታተያ ከፍቶ፣ የነገ ሥራውን ረስቶ፣ ያንን ቁጥር ሲያሳድድ ያድራል። ይህን የሚያውቀው ባለጸጋ ቁጥሩ ለሕዝብ እንዳይታይ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ያመለክታል። አይጠቅምም፤ አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ሲለፍፍ ነው የሚበረው፣ ጣሪያው ላይ ትንሽ መቀበያ የሰቀለ ጡረተኛ ሁሉ ይሰማዋል። እንግዲያው የሌላ ሰው ጄት መዋስ ነው። እሱም ከታወቀ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በቆሎ ማሳ መሀል ያለች ማኮብኮቢያ ላይ ማረፍ። እዚያም አጥር ተደግፎ ስልኩን የደገነ ተማሪ አይጠፋም። ካልሆነ ባዶ ጄት ወደ ሌላ ከተማ ልኮ ሕዝቡን ማሳሳት፤ የዚያኛው ከተማ ደጋፊ «መጡልን!» ብሎ ሲጨፍር ያመሻል፣ በሩ ሲከፈት ግን የሚወርደው አብራሪው ብቻ ነው፣ እሱም ሽንት ቤት ፍለጋ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰኞ ሊታወቅ ያለ ነገር እሑድ እንዳይታወቅ ነው። እሳቸው በዚህ መሀል በሬዲዮ ቀርበው «ሙሉ ትኩረቴ የቅዳሜው ጨዋታ ላይ ነው» ይላሉ፤ ከጀርባቸው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ለአሥር ዓመት ፈረሙ» ሲባል ያጨበጨባችሁ ደግሞ ውሉ ማንን እንደሚያስር አላያችሁም። አቋርጠው ከሄዱ ማፍረሻ ክፍያ አለባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የቀረውንም ወሳጁ ዩኒቨርሲቲ ይሸፍንላቸዋል። ከተባረሩ ግን የቀሪው ዘመን ደመወዝ፣ ሙሉው ወይም አብዛኛው፣ የእሳቸው ነው። በ2023 አንድ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ለማሰናበት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገብቷል። ውሉን የሚደራደርላቸው ወኪል ጎበዝ ከሆነ በማግስቱ ሌላ ሥራ ቢይዙ እንኳ አዲሱ ደመወዝ ከዚህ እንዳይቀነስ ያስጽፋል። ወኪሉማ ሐውልት ይገባዋል፤ አንዳንዴ የሂያጁም የተተኪውም ወኪል እሱ ነው፣ ከሻጭም ከገዢም እንደሚቀበል የቤት ደላላ። ወሬውን ለጋዜጠኛ ሹክ የሚለውም ራሱ ነው። ወሬው ወይ ሥራ ያመጣል ወይ ባሉበት ጭማሪ።

«ግን ለምን ሄዱ?» ለሚል የዋህ መልሱ ያን ያህል አይከብድም። ዘንድሮ 10 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክና ከፊቱ የሚከላከሉለት አምስቱ ግዙፎች ግን እየተመረቁ ነው፣ የከርሞው ቡድን 6 ካሸነፈ ተመስገን እንደሚያሰኝ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዋጋቸው ከዛሬ በላይ አይወጣም። ከዚያ ምልመላው አለ፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ ውስጥ በግማሽ ቀን መንዳት የሚገኘውን ተጫዋች ሌላው ዩኒቨርሲቲ አገር አቋርጦ ነው የሚፈልገው። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር፤ ጣሪያው ለሁሉም አንድ ነው፣ ኪሱ ግን አንድ አይደለም። ይህንኑ በግልጽ ቢናገሩት ማን ይቀየማቸው ነበር?

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ጠዋት በስልክ መልእክት የተጠሩ መቶ የሚሆኑ ልጆች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ግማሾቹ ወሬውን ከስልካቸው ቀድመው አንብበዋል። አሰልጣኙ ጥቂት ደቂቃ ተናግረው በጎን በር ይወጣሉ። ኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ክራንች የያዘ ልጅ አለ፤ «አገግም፣ እጠብቅሃለሁ» ያሉት እሳቸው ነበሩ። አዲሱ ሰው ስሙንም አያውቀውም፤ «ትራንስፈር ፖርታሉን ብታየው ይሻልሃል» ይለዋል፤ ልዛወር የሚል ተጫዋች ስሙን የሚያስመዘግብበትን ዝርዝር ማለቱ ነው። እስከ 2021 ድረስ እኮ ትምህርቱን ሳይጨርስ የተዛወረ የፉትቦል ተጫዋች ልዩ ፈቃድ ካላገኘ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር፤ አሰልጣኙ በማግስቱ ሥራ ሲጀምር! ያ አጥር ሲነሳ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው «የዛሬ ልጅ ታማኝነት የለውም» ብለው ያለቀሱት ማን ሆኑና? አታፍሩም?

ልጃችሁን ሊመለምሉ ሳሎናችሁ የሚመጡባችሁ ቨርጂኒያና ኦሃዮ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአሰልጣኙን ውል ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከፊት ገጹ ደመወዝ ይልቅ ማፍረሻው የሚቀንስበትን ቀን ፈልጉ። ከልጁ ምረቃ የሚቀድም ከሆነ ቡናው ይፈላ፣ አቦሉንም ስጧቸው፤ ለቶናው ግን ሲኒ አትጠቡ።