ማስተካከያ፦ ስለ ኢሜይል ሰርቨር የፋይል ሲስተም ምርጫ

በለቡ፣ በቃሊቲና በሰበታ የድርጅት ኢሜይል ሰርቨር በሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ዘንድ ሰሞኑን የተዘዋወረው መልእክት «ኤክስት4 ጆርናል ስላለው መብራት ድንገት ቢጠፋም የገባ ኢሜይል አይጠፋም፤ ስለዚህ ለፍጥነት ሲባል ባሪየሩን መዝጋት ይቻላል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ኤክስት4 የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት ነው፤ ጆርናል ለውጦች አስቀድመው የሚጻፉበት መዝገብ ሲሆን፣ ባሪየር ደግሞ ዲስኩ በጊዜያዊ ማከማቻው የያዘውን በቋሚነት እንዲጽፍ የሚያስገድድ ትእዛዝ ነው።

የሊኑክስ ከርነል ይፋዊ ሰነድ እንደሚያስረዳው፣ ኤክስት4 በተለመደው «ኦርደርድ» አሠራሩ በጆርናል የሚመዘግበው ሜታዳታውን (እንደ ስም፣ መጠንና ቦታ ያለውን ስለ ፋይሉ የሚገልጽ መረጃ) እንጂ የደብዳቤውን ይዘት አይደለም፤ በመሆኑም ጆርናሉ የፋይል ሲስተሙን መዋቅር ከመበላሸት ይጠብቃል እንጂ ገና ሜሞሪ ላይ ያለን ደብዳቤ አያድንም። ደብዳቤውን የሚያድነው እንደ ፖስትፊክስ ያለው የኢሜይል ማስተላለፊያ ሶፍትዌር ለላኪው ሰርቨር «ተቀብያለሁ» ከማለቱ በፊት በኤፍሲንክ ጥሪ ፋይሉ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር ማስገደዱ ነው። ባሪየሩ ሲዘጋ ግን በዲስኩ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ብቻ ያለው ጽሑፍ እንደሰፈረ ስለሚቆጠር፣ ላኪው «ደርሷል» ብሎ ከወረፋው የሰረዘው ደብዳቤ ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል።

ምክሩን ተከትለው ባሪየሩን የዘጉ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያቸው ካሽ በባትሪ ካልተደገፈ፣ መልሰው ሊከፍቱት ይገባል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይረዳል፤ ሆኖም መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ባትሪው ራሱ ቶሎ ይደክማል።

ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም «ለኢሜይል አይሆንም» መባሉም መሠረት የለውም። እንዲያውም እያንዳንዱን ደብዳቤ በተለየ ፋይል ለሚያስቀምጠው ሜይልዲር ይመቻል፤ የኤክስት4 የአይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው መዝገብ) ብዛት በአመዛኙ ፎርማት ሲደረግ የሚወሰን ሲሆን፣ ኤክስኤፍኤስ ግን እንዳስፈለገ ይጨምራል።