የሸረሪቷን ሁለት እግር ማን ወሰደው?

ኧረ ዛሬስ ልተንፍስበት።

የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ ሙጭጭ ብላለች። ስለ ጓሮ ነፍሳት ነው፤ ልጆችን ለማሳቅ የተጻፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማታው አነብላታለሁ፣ አንዳንዴም ሁለቴ። የጉንዳኑን ድምፅ፣ የዝንቧን ድምፅ፣ የጥንዚዛውን ማንኮራፋት አንድም ሳላስቀር እተውናለሁ። ገጽ ዘልዬ ላመልጥ ስል «እማዬ፣ ንቧን ረሳሻት» ትለኛለች። እሱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ብሶቴ ሌላ ነው።

መጽሐፉ ውሸታም ነው።

የደረስኩበት ደግሞ እኔ አይደለሁም። ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፏን ይዛ ጓሮ ወጣች። በመስኮት ሳይ በደረቷ ተኝታ የሸረሪት ድር ላይ አፍጥጣለች። ጣቷን ትቀስራለች፣ ትቆጥራለች፣ ወደ መጽሐፉ ትዞራለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። ከዚያ ፊቷ ጠቁሮ ገባች።

«እማዬ፣ የመጽሐፉን ሸረሪት ሁለት እግሯን ማን ቆረጠባት?»

አየሁት። ስድስት እግር። እያንዳንዱ እግር ላይ ቀይ ጫማ። ሠዓሊው ስድስት ጫማ ስሎ፣ ክሩን ሳይቀር አስሮ፣ እግር መቁጠር አቃተው! ሸረሪት እኮ ስምንት እግር ነው ያላት። ከነፍሳትም አትመደብም፤ ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው። እስቲ ይሄንን እንቅልፍ ለመጣባት ልጅ እናንተ አስረዱልኝ።

ከዚያ በኋላ እኔም አላስችል አለኝ፣ በየገጹ ስህተት ለቀማ ገባሁ። አባት ጉንዳን ከረባት አስሮ ሥራ ይሄዳል፤ እናት ጉንዳን ሽርጥ ታጥቃ ቤት ትጠብቀዋለች። ወይ ጉድ! ጉንዳን ቤት እኮ ምግብ የሚሸከመው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ጠላት የሚገጥመው ሁሉ ሴት ነው። ወንዱ ባብዛኛው ክንፍ አውጥቶ ይበራል፣ ከንግሥቲቱ ጋር ይገናኛል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ከረባቱን መቼ ሊያስረው ነው? ቢምቢው ደግሞ ሪዛም አባወራ ነው፣ በስትሮ ደም ይጠጣል። ወንድ ቢምቢ ደም አይነካም፤ የአበባ ወለላ ነው የሚቀምሰው። የምትነክሰን ሴቷ ናት፣ ደሙን ለእንቁላሏ ብላ። (ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ለጊዜው ይቆይ።)

«ለቀልድ እኮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ያለኝ ይህንኑ ነው። ቀልድ ጠልቼ አይደለም። እውነቱ ከቀልዳቸው በላይ ያስቃል፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ፌንጣውን ውሰዱ። መጽሐፉ አናቱ ላይ የጥንቸል የመሰለ ጆሮ ተክሎበታል። የፌንጣ ጆሮ ያለው ግን ሆዱ ላይ ነው፤ በግራና በቀኝ፣ ከክንፉ ሥር። ይሄን በነገርኳት ማግስት ልጄ አንዱን ፌንጣ ያዘች። ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ሆዱ አስጠጋችና በሹክሹክታ «ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?» አለችው። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ቢራቢሮ ደግሞ በእግሯ ነው የምትቀምሰው። በእግሯ! እሱ ተትቶ መጽሐፉ የጥፍር ቀለም ይቀባታል።

እበት የሚያንከባልለው ጥንዚዛ ገጽ ላይ ያለው ቀልድ ደግሞ ጠቅላላው «ኡፍ፣ ሸተተ!» ነው። ባርኔጣም ደፍተውለታል፣ ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። እኔ ነገሩን ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሳይንቲስቶች የእውነት ቆብ አድርገውለታል! ጥንዚዛው በጨለማ እበቱን ቀጥ አድርጎ የሚያንከባልለው ሰማይ እያየ እንደሆነ ሊፈትኑት ፈልገው፣ ትንሽ የካርቶን ቆብ ደፉበት። ሰማዩ ሲጋረድበት መንገዱ ጠፋው፣ ዞረበት። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናታቸው፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ሌሊት ሰማዩን እንደ ነጭ ጎዳና በሚያቋርጠው የከዋክብት ጭፍራ፣ ብርሃን አቅጣጫውን እንደሚለይ አሳዩ። እበት እየገፋ ሰማይ የሚያነብ ፍጡር! ይሄ እያለ «ሸተተ» ብቻ ብሎ ማለፍ ምን የሚሉት ስንፍና ነው?

ትናንት ማታ ንባባችን ሸረሪቷ ጋ ስንደርስ ቆመ። «እማዬ፣ እስክሪብቶ ስጪኝ።» ሰጠኋት። ሁለት እግር ጨመረችላት፤ ሰማያዊ፣ ትንሽ ጠመም ያሉ፣ ግን ስምንት ሞሉ። «ጫማስ?» ብላት «ገና አልተገዛላትም» አለችኝ። የቢምቢውን ሪዝ ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በእሷ አላመካኝም።

ዛሬ ጠዋት የመጽሐፉን ጀርባ ገለጥ ሳደርግ ማኅተሙን አየሁት። ለካ የመዋዕለ ሕፃናቱ ነው። ሰኞ ይመለሳል።