ራም መጨመር የድምፅ መዘግየትን አያጠፋም

«ስትዘፍን ድምፅህ በሄድፎን ዘግይቶ ከመጣ 32 ጊጋ ራም ግጠም» ያልከው ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እንደዛ ያምናል። መዘግየቱን በዋናነት የሚወስነው በቀረጻ ፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ያለው የበፈር መጠን ነው፤ ይኼውም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት በአንዴ የሚያጠራቅመው የድምፅ ናሙና ብዛት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና) ስትቀዳ በፈሩ 512 ናሙና ላይ ከሆነ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ስለሚያልፍበት ደግሞ እጥፍ ይሆናል። 128 ስታደርገው በአንድ አቅጣጫ 3 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ ፕሮሰሰሩ አልቻለውም ማለት ነው፣ 256 ሞክር። ለሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ለማመጣጠን) ስትቀመጥ በፈሩን ከፍ አድርገው። ዊንዶውስ ከሆነ የኦዲዮ ኢንተርፌሱን (ማይክና ጊታር ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) የራሱን የአሲዮ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን በአነስተኛ መዘግየት የሚያስተላልፈውን ሶፍትዌር ጫን (ይሄን የሚዘለው ሰው ብዛቱ!)። ብዙ ራም የሚያስፈልግህ እንደ ሙሉ ኦርኬስትራ ያሉ ከባድ የሳምፕል (ቀድመው የተቀዱ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፆች) ስብስቦችን ስትከፍት ነው። ለድምፅና ለጊታር 16 ጊጋ ይበቃሃል።