ማስተካከያ፦ በከረጢት ለሚተከል ድንች የሚሆን አፈር

ድንችን በማዳበሪያ ከረጢት ስለመትከል ባለፈው በወጣው ጽሑፍ «የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አመድ ወይም ኖራ በደንብ ይቀላቀልበት» የሚል ሰፍሯል። ይህ ለስንዴና ለገብስ ማሳ እንጂ ለድንች ከረጢት አይሆንም። ድንች መጠነኛ አሲድ ይስማማዋል፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6 ቢሆን ይመቸዋል። አመድና ኖራ ሲበዛ ግን ልጣጩን እከክ የሚመስል በሽታ ይወርረዋል።

ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሽ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃል። ትኩስ ፍግ በፍጹም! ዋልካ ውሃ ስለሚቋጥር ድንቹን ያበሰብሰዋል። ከረጢቱንም ከሥሩ ብሱት።

አደራ የምለው ግን፣ ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ ጠውልጎ ከደረቀበት ጓሮ አፈር አትውሰዱ። የአጠውልግ ባክቴሪያ ተክሉ ከተነቀለ በኋላም አፈር ውስጥ ይቆያል።